በፋብሪካ ስለሚሠራው የእንጨት ሰሌዳ፤ የዓለም ገበያውና የሰቆጣ ዋጋው

ሰቆጣ በቀድሞው ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ እንደ ነበረች ታሪክ ይመሰክራል። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በጋማ ከብትና በግመል እየተጫነ የሚወጣው አሞሌ በዋግ ገበያ ከተራገፈ በኋላ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሠራጭ ነበር። አሞሌ ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያ ንግድ ሰቆጣ ከመንገዱ መጀመሪያ አጠገብ ትገኝ ስለ ነበር፣ የዋግ ነጋዴ ዕቃውን በርካሽ ተቀብሎ ለሩቁ አገር በትርፍ ለማስተላለፍ ይችል ነበር።

ዛሬ ለቤት ሥራ በሚፈለጉት ዕቃዎች ረገድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ኮምፔንሳቶ፣ ችፑድና ኤም.ዲ.ኤፍ. እየተባለ የሚጠራው በፋብሪካ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ በጂቡቲ በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያም ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ሰቆጣ ይገባል። ስለዚህ የሰቆጣ ባለ ሱቅ የቆመው በመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ የተጨመረው ዋጋ ሁሉ፣ በመንገዱ ላይ የተደረገውም ስሕተት ሁሉ በመጨረሻው የሚያርፈው በእርሱና በደንበኛው ላይ ነው። የዚህ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን፣ ከዋጋውም ውስጥ ነጋዴው ሊቆጣጠረው የሚችለው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይብራራል።

ሰሌዳው ለዋግ ስለምን ያስፈልጋል

የዋግ ኽምራ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስ የኖረ አገር ስለሆነ የተፈጥሮ ደኑ ተመናምኗል። ጥድና ወይራ በደህና የሚታዩት በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ሕዝቡም ከጥንት ጀምሮ ቤቱን በድንጋይ መገንባት የለመደ ነው። ዳሩ ግን ድንጋይ ግድግዳውን ቢችል እንኳ ኮርኒሱን፣ የውስጥ በሩን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የሱቁን መደርደሪያና የትምህርት ቤቱን ጠረጴዛ ሊሆን አይችልም። ለእነዚህ ሁሉ ጣውላ ይፈለጋል ቢባል ከሩቅ ማምጣት፣ ወይም የቀረውን ጥቂት ዛፍ መቁረጥ ግድ ይሆናል። ስለሆነም እንጨት ላነሰው አገር የፋብሪካ ሰሌዳ እንደ ቅንጦት ሊቆጠር የሚገባው ዕቃ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሰሌዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥፋት፣ ገዢው «ችፑድ ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅ ሻጩም ዓይነቱን ሳይለይ የሚሰጠው መሆኑ ነው። ለደረቅ ክፍል የተሠራው ሰሌዳ ለወጥ ቤት ይሸጥና በመጀመሪያው ክረምት ጠርዙ ያብጣል፤ ብሎኑ ይወልቃል፤ የደንበኛውም ገንዘብ ይጠፋል። ይህ ሰው ዳግመኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ዓይነቶቹን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

የሰሌዳው ዓይነቶች

ኮምፔንሳቶ ወይም ፕላይውድ የሚባለው ከሁሉ አስቀድሞ የታወቀው ነው። ግንዱ በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውሃ ከለሰለሰ በኋላ በረጅም ቢላዋ ዙሪያውን ይላጣል። ስሱ ልጣጭ ደርቆ በኮላ ይደራረባል፤ የአንዱ ክር ወደ ቁመቱ ሲሄድ የሚቀጥለው ወደ ጎን እንዲሄድ ይደረጋል። የልጣጩ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ 3፣ 5፣ 7 እየተባለ በጎዶሎ ቁጥር የሚሆነው ሁለቱ ፊቶች እኩል ስበው ሰሌዳው እንዳይጣመም ነው። በአሜሪካ ከለስላሳ እንጨት የተሠራ ኮምፔንሳቶ እ.ኤ.አ. በ1905 በፖርትላንድ ከተማ በተደረገው ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ውሃ የማይፈታው ኮላ እ.ኤ.አ. በ1934 ከተገኘ ወዲህ ደግሞ ለውጭ ሥራም የሚያገለግል ሆነ። ፊቱ በጥቁር ወይም በቡናማ ፊልም የተሸፈነው ዓይነት ኮንክሪት ሲፈስስ ቅርጹን ለመያዝ ይጠቅማል።

ችፑድ ከእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራ ነው። ፍርፋሪው ደርቆ ኮላ ይረጭበትና በታላቅ ሙቀትና ግፊት ይጨመቃል። ደቃቁ ከላይና ከታች፣ ሻካራው ከመካከል ይደረጋል። ይህ ሥራ በጀርመን አገር በ1930ዎቹ ዓመታት ተጀምሮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፋ። ትልቁ ጥቅሙ ቀጫጭንና ጠማማ እንጨት፣ የመጋዝ ቤት ትርፍራፊም ሳይቀር ወደ ዕቃ መለወጡ ነው። ድካሙ ደግሞ ጠርዙ ብሎን አጥብቆ አለመያዙና ውሃ ሲነካው ማበጡ ነው።

ኤም.ዲ.ኤፍ. የሚባለው እንጨቱ በእንፋሎት ተቀቅሎ እንደ ጥጥ ወደ ቃጫ ከተበተነ በኋላ በኮላ የሚጨመቅ ነው። በፋብሪካ መመረት የጀመረው በአሜሪካ በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ለቀለምና ለቅርጽ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ዊልያም ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው ስስና ጠንካራ ሀርድቦርድም የዚሁ የቃጫ ሰሌዳ ወገን ነው።

ኦ.ኤስ.ቢ. ከረጃጅም የእንጨት ስንጣቂ የሚሠራ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ የሚለበሰው በአብዛኛው በዚህ ነው። በአገራችን ገበያ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ይታወቃል።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ኮላው ነው። በዩሪያ የሚሠራው ኮላ ርካሽ ሲሆን ለደረቅ ክፍል ብቻ የሚሆን ነው። ሜላሚን የተጨመረበት እርጥበትን ይቋቋማል። ከፌኖል የሚሠራው ጥቁር ኮላ ደግሞ ለውጭ ሥራ ይሆናል። እንግዲህ የሰሌዳው ዕድሜ ከእንጨቱ ይልቅ በኮላው ዓይነት የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋጋው የሚወሰንባቸው አራት ስፍራዎች

ዓለም በያመቱ ከ350 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የእንጨት ሰሌዳ ያመርታል። ከአምራቾች ሁሉ ቻይና ቀዳሚውን ስፍራ ይዛለች። ቱርክ በኤም.ዲ.ኤፍ.፣ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ በሞቃት አገር ዛፍ ኮምፔንሳቶ፣ ሩሲያ በበርች ኮምፔንሳቶ፣ አሜሪካና ካናዳ በኦ.ኤስ.ቢ. የታወቁ ናቸው። በዚህ ሰፊ ገበያ ውስጥ የአንድ ሰሌዳ ዋጋ የሚወሰነው በአራት ስፍራዎች ነው።

የመጀመሪያው ስፍራ ፋብሪካው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይገነዘበው ነገር አለ። በኮላው ውስጥ የሚገባው ዩሪያ የዋግ ገበሬ በማሳው ላይ ከሚበትነው ማዳበሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚሠራውም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዩሪያ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 230 ዶላር ያህል ሲሆን፣ በሚያዝያ 2022 ከ900 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ለማዳበሪያ ያማረረው ገበሬና ለሰሌዳ ያማረረው አናጢ ያማረሩት በአንድ ምክንያት እንደ ነበር ማስተዋል ያሻል። ከዚህም በቀር ሩሲያ ያልተሠራ ለስላሳ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከጥር 2022 ጀምሮ ከለከለች። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን እንጨት እንዳይገባ ስለ አገደ፣ የበርች ኮምፔንሳቶ ገዢዎች ፊታቸውን ወደ ሌሎች አገሮች አዞሩ።

ሁለተኛው ስፍራ ባሕሩ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ከእስያ ተነሥቶ ወደ ታላላቅ ወደቦች የሚሄድ የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ማጓጓዣ በአማካይ ከ10,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ያ ከቀለለ በኋላ ደግሞ ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በተሰነዘረው ጥቃት ምክንያት ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ መላክ ጀመሩ። ጂቡቲ የምትገኘው በዚያው በባብ ኤል መንደብ በር ላይ ስለሆነ ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አልነበረም።

ሦስተኛው ስፍራ ባንኩ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰሌዳ በውጭ አገር 20 ዶላር ነው እንበል። በፊተኛው ምንዛሪ 1,140 ብር ይሆን የነበረው፣ ዶላር 100 ብር ሲሆን 2,000 ብር ይሆናል። ፋብሪካው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በሰሌዳው ላይ 860 ብር ተጨመረ ማለት ነው። የቀድሞውን ዕቃ በቀድሞው ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ባለ ሱቅ በዚያው ገንዘብ ግማሹን ያህል ብቻ መልሶ ለመግዛት የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ስፍራ የአገር ውስጥ መንገዱ ነው። በሦስቱ ስፍራዎች ላይ የሰቆጣ ነጋዴ ሥልጣን የለውም፤ በአራተኛው ላይ ግን አለው። ስለሆነም አሳቡን በዚህ ላይ ሊያሳርፍ ይገባዋል።

ስለ መንገዱና ስለ ጭነቱ

ከጂቡቲ የተነሣ የጭነት መኪና በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ አንዱ መንገድ በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። በተለመደው አሠራር ሰሌዳው ወደ አዲስ አበባ ይሄድና በመርካቶ ለጅምላ ሻጮች ይደርሳል። ከዚያም በሌላ መኪና ተጭኖ በደሴና በወልዲያ በኩል እንደገና ወደ ሰሜን ይመለሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ብቻ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ የሁለት ጊዜ ማራገፍና መጫን፣ የመጋዘን ኪራይና የመካከለኛው ነጋዴ ትርፍ ይጨመራል። ሰሌዳው ጠርዙ የሚሰበረውና ጥጉ የሚላገው በዚሁ ማራገፍና መጫን ጊዜ ነው።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት። አንድ የሰቆጣ ባለ ሱቅ ለብቻው ሙሉ ኮንቴይነር ለማስመጣት ዐቅም ባይኖረው፣ ከወልዲያ፣ ከላሊበላና ከደሴ ነጋዴዎች ጋር ተባብሮ በአንድ አስመጪ ስም ዕቃው በኮምቦልቻ እንዲራገፍ መዋዋል ይቻላል። እንዲህ ያለው ማኅበር ማን ምን ያህል እንዳዋጣና የተበላሸው ዕቃ በማን ላይ እንደሚታሰብ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ ግን በጠብ የሚፈርስ ነው።

በኪራዩ ሒሳብ ላይም የሰሌዳው ክብደት ሊታሰብ ይገባል። የተለመደው ሰሌዳ 1.22 ሜትር በ2.44 ሜትር ነው። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤም.ዲ.ኤፍ. 39 ኪሎ፣ ችፑድ 35 ኪሎ፣ ከቀላል እንጨት የተሠራ ኮምፔንሳቶ ደግሞ 29 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንግዲህ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ኤም.ዲ.ኤፍ. 125፣ ችፑድ 140፣ ኮምፔንሳቶ 170 ያህል ይይዛል። የመኪናው ኪራይ 50,000 ብር ነው ብንል በአንድ ኤም.ዲ.ኤፍ. ላይ 400 ብር፣ በችፑድ ላይ 357 ብር፣ በኮምፔንሳቶ ላይ 294 ብር ይወድቃል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዋጋ ርካሽ የሚመስለው ከባድ ሰሌዳ ሰቆጣ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠብባል። ኮምፔንሳቶ ለሚያስፈልገው ሥራ ኤም.ዲ.ኤፍ. ማምጣት በብዙ መልኩ ኪሳራ ነው።

የመልስ ጭነትም ሊዘነጋ አይገባም። ሰሌዳ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና የመልሱን ነዳጅ በመጪው ዕቃ ላይ ያስከፍላል። ዋግ ማር፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ የሚገኝ ዕጣን፣ ፍየልና ቆዳ አላት። ሰሌዳ ገዢውና ማር ላኪው በአንድ ከተማ እየኖሩ ሁለት መኪና የሚከራዩበት ምክንያት አይታይም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሰላም መሠረት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ኮረም፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ በተዛመተ ጊዜ የንግዱ መንገድ ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ታይቷል። ስለዚህ ነጋዴው ሙሉ ገንዘቡን በአንድ ጭነት ላይ ባያውል፣ ዕቃውንም ከክረምት በፊት ቢያስገባ ይመረጣል።

ሲገዙ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች

አንደኛ፤ ሰሌዳው ለምን ዓይነት ስፍራ እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ደረጃ ችፑድ ፒ2 የተባለው ለደረቅ ክፍል የቤት ዕቃ፣ ፒ3 የተባለው ሸክም ለሌለበት እርጥብ ስፍራ፣ ፒ5 የተባለው ሸክም ላለበት እርጥብ ስፍራ ነው። ኦ.ኤስ.ቢ. ሦስት እርጥበትን የሚችል ነው። እርጥበት የሚቋቋም ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ቀለም ይደረግበታል፤ ነገር ግን ቀለም ማንም ሊጨምረው የሚችል ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀላሉ ፈተና ቁራሽ ሰሌዳ ለክቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በውሃ ውስጥ ማቆየትና እንደገና መለካት ነው። ሁለት የተለያዩ ናሙናዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ቢዘፈዘፉ የትኛው እንደሚያብጥ ዓይን ይፈርዳል።

ሁለተኛ፤ ውፍረቱ መለካት አለበት። 18 ተብሎ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ገዢውን ከመቶ 11 እጅ ያህል አጉድሎበታል። ልኬቱ በሰሌዳው አራት ጥግ ሊወሰድ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጤና መጠየቅ ያሻል። ከዩሪያ ኮላ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ቀስ በቀስ ይወጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህ ጋዝ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 ወስኗል። ኢ1 የሚል ምልክት ያለው ሰሌዳ በመመርመሪያ ክፍል ውስጥ የሚተወው ጋዝ በሜትር ኩብ አየር ከ0.124 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መጠኑ ከነሐሴ 2026 ጀምሮ ወደ 0.062 እንዲወርድ ወስኗል። በዚያ ገበያ የማይፈለገው ሰሌዳ ወደ ሌላው አገር በርካሽ ሊቀርብ እንደሚችል አስመጪው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ለመኝታ ክፍልና ለትምህርት ቤት የሚሸጥ ሰሌዳ ከኢ1 በታች ባይሆን ለሻጩም ክብር ነው።

አራተኛ፤ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር መስማማት አለበት። በጉምሩክ ታሪፍ ችፑድና ኦ.ኤስ.ቢ. በ4410፣ ኤም.ዲ.ኤፍ. እና ሀርድቦርድ በ4411፣ ኮምፔንሳቶ በ4412 ይመደባሉ። ፋክቱሩ «የእንጨት ሰሌዳ» ብቻ የሚል ከሆነ በጉምሩክ ክርክር፣ በሱቅም ማታለል ይከተላል። ዓይነቱ፣ ደረጃው፣ ውፍረቱና የኮላው ዓይነት ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል።

ዕቃው ከገባ በኋላም አያያዝ ይፈልጋል። ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲቆም ይጎብጣል፤ በአፈር ወለል ላይ ሲተኛ እርጥበት ይስባል። እኩል ውፍረት ባላቸው እንጨቶች ላይ ተጋድሞ መደርደር አለበት። የዋግ አየር በበጋ እጅግ ደረቅ፣ በክረምት እርጥብ ስለሆነ አናጢው ከመቁረጡ በፊት ሰሌዳውን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን ቢያቆየው መልካም ነው።

ስለ አገር ውስጥ ሰሌዳ

በአዲስ አበባ ኢካፍኮ የተባለው የችፑድና የቤት ዕቃ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። ለዋግ ቅርብ የሆነው ግን ከኮረም ወዲያ በማይጨው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው የችፑድ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በአካባቢው ገበሬዎች ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሰሌዳ ሲያመርት ቆይቶ፣ ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲነሣ ሥራው ተስተጓጎለ። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የበቀለ ቀጭን ባሕር ዛፍ ለማገር ብቻ ሳይሆን ለሰሌዳም ይሆናል፤ የባሕር ኪራይም የለበትም። ኮላው ወይም የኮላው ማዘጋጃ ከውጭ መምጣቱ ባይቀርም፣ ለእንጨቱ የሚወጣው ገንዘብ በገበሬው እጅ ይቀራል።

እስከዚያው ድረስ የሰቆጣ ነጋዴ የዶላርን ዋጋ ሊያወርድ፣ የቀይ ባሕርንም መንገድ ሊከፍት አይችልም። ለወጥ ቤት የሚሆነውን ለመኝታ ቤት ከሚሆነው ለይቶ መሸጥ፣ ውፍረቱን በደንበኛው ፊት መለካት፣ ከጎረቤት ነጋዴ ጋር ተባብሮ መጫንና መኪናውን ባዶ አለመመለስ ግን በእጁ ነው። የቀድሞው የዋግ ነጋዴ የተሸረፈውን አሞሌ በሙሉው ዋጋ አይቀበልም ነበር፤ የዛሬውም ነጋዴ በሰሌዳው ላይ እንዲሁ ቢያደርግ ራሱንም ደንበኛውንም ይጠቅማል።